ሳይስቁ መሳቅ፦ «ሎል» ስለምትባለው የእንግሊዝኛ አሕጽሮት



እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2012 ለንደን ውስጥ አንድ ትልቅ አጣሪ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። ሰብሳቢው ዳኛ ሌቭሰን ናቸው። የብሪታንያ ጋዜጠኞች የሰው ስልክ እየጠለፉ ወሬ ይለቅሙ እንደነበር በመጋለጡ የተቋቋመ ጉባኤ ነው፤ ስለዚህ ቀልድ የሚጠበቅበት ቦታ አልነበረም። በዕለቱ ቃላቸውን የሰጡት በብሪታንያ የሩፐርት መርዶክ ጋዜጦች ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ሬቤካ ብሩክስ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሩን የስልክ መልእክት ሲልኩልዎ በምን ይፈርሙ ነበር ተብለው ተጠየቁ። አብዛኛውን ጊዜ በስማቸው መነሻ ፊደላት፣ አንዳንዴ ግን «ሎል» ብለው ነበር አሉ። ካሜሩን ቃሉ «ብዙ ፍቅር» ማለት ይመስላቸው ነበር። «ጮክ ብሎ መሳቅ» ማለት መሆኑን ብሩክስ ሲነግሯቸው እንዲያ ብሎ መፈረሙን ተዉት።

የዓለም ጋዜጦች በካሜሩን ሳቁባቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ጸሐፊው ፍቅር እየላኩ ነው፤ ተቀባይዋ ሳቅ ይደርሳቸዋል፤ ሆኖም አንዳቸውም አልተቀየሙም። በፍቺው ተለያዩ፣ በሥራው ግን ተግባቡ። በመልእክት መጨረሻ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የወዳጅነት ምልክት ናትና፣ ፍቅር ተብላም ሳቅ ተብላም ብትነበብ የምትሰጠው ስሜት አንድ ነው፦ «ባንተ ላይ ክፉ ነገር የለኝም።» ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። በእንግሊዝኛ ቻት ውስጥ ሎልን የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ እየሳቀ አይደለም። የሚያደርገው፣ የጽሑፉን ድምፅ ማስተካከል ነው።

በመጀመሪያ ከመልኳ እንነሣ። ሎል ኤል፣ ኦ እና ኤል ከሚባሉ ሦስት የላቲን ፊደላት የተሠራች ናት፤ «ጮክ ብሎ መሳቅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የሦስቱ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው። አንዳንዱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይጠራቸዋል፤ ሌላው አጣብቆ «ሎል» ይላል። ከዚህ ትርጉም በፊት በሌላ ትርጉም አገልግላለች። በ1960ዎቹ እንግሊዝኛ «ትንሽዬ አሮጊት ሴት» ለማለት ይጠቀሙባት ነበር፤ ሐኪሞችም በመካከላቸው ስለ ሕመምተኛ ሲያወሩ ይሏት ነበር።

የሳቁን ትርጉም ማን እንደ ጀመረው ሲጠየቅ ዌይን ፒርሰን የሚባሉ ካናዳዊ ስማቸው ይነሣል። በ1980ዎቹ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ በስልክ መስመር ኮምፒውተር ለኮምፒውተር ከወዳጆቻቸው ጋር ሲጻጻፉ፣ አንዱ የጻፈው ቀልድ ብቻቸውን በተቀመጡበት ክፍል ጮክ ብለው አሳቃቸው፤ ያንን ለመናገር ሦስቱን ፊደላት መቱ፤ እሳቸው የሚሉት ይህን ነው። ያ ጽሑፍ ግን ተቀምጦ አልቆየም። በጽሑፍ የምናገኘው ቀደምት ማስረጃ የሜይ 8 ቀን 1989 ነው፤ ፊዶኔት የሚባለው የኮምፒውተር መረብ ለተጠቃሚዎቹ በሚያወጣው መጽሔት ላይ ከሌሎች አሕጽሮቶች ጋር ተዘርዝራ ትገኛለች። በ2011 ደግሞ የኦክስፎርድ ታላቁ መዝገበ ቃላት ተቀበላት። ልብ አድርጉልኝ፤ በፒርሰን ታሪክ ውስጥ ሰውየው በእርግጥ ስቀዋል። ከዚያ በኋላ በመጡት ሚሊዮኖች ዘንድ ግን ነገሩ ተለውጧል።

እንዴት ተለወጠ የሚለውን ለመረዳት ሳቅ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሮበርት ፕሮቫይን የሚባሉ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ መምህር የነበሩ ሰው፣ ሳቅን እንደ ወፍ ተመልካች እየዞሩ አጠኑ። ተማሪዎቻቸውን ይዘው በገበያ አዳራሽ፣ በመንገድ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሰው ሲስቅ ጠብቀው፣ ከሳቁ በፊት ምን እንደ ተባለ መዘገቡ። 1,200 ያህል ሳቅ ሰበሰቡ። ውጤቱን በ2000 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ላይ አስቀምጠውታል። ከተመዘገበው ሳቅ ውስጥ የሚያስቅ ነገር ተከትሎ የመጣው ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆነው ብቻ ነው። የቀረው «በል ደህና ሁን»፣ «እኔም ደስ ብሎኛል»፣ «እስቲ እናያለን» ከመሳሰሉ ተራ ንግግሮች በኋላ የመጣ ነው። ከአድማጩ ይልቅ የሚስቀው ተናጋሪው ራሱ ሆኖ ተገኘ። ሰው ብቻውን ሲሆን ከሚስቀው ይልቅ ከሰው ጋር ሲሆን 30 እጥፍ ይስቃል።

ይህን ለማመን ሜሪላንድ መሄድ አያስፈልግም። ነገ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች ሲያወሩ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። አንዱ «ደሞዝ አልገባም እኮ» ይልና ይስቃል። የሚያስቅ ነገር የለውም፤ ያስለቅስ እንደሆነ እንጂ። ሳቁ የሚናገረው ስለ ደሞዙ ሳይሆን ስለ ሁለቱ ነው፦ «ችግሬን ነገርኩህ፤ ግን አትጨነቅብኝ፤ እንደ ድሮው ነን።» ስለዚህ «ሎል ብለው የሚጽፉ ሰዎች አይስቁም፤ ይዋሻሉ» የሚለው የተለመደ ክስ መነሻው ስሕተት ነው። ሎል ተለወጠች ስንል ከሳቅ ራቀች ማለታችን አይደለም። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያወራ ሳቁን በምን ይጠቀምበት ነበር? በዚያው ላይ ዋለች።

የቋንቋ ሊቁ ጆን ማክዎርተር በ2013 ባደረጉት በብዙ ሰው በታየ ንግግር ላይ ይህንን አንሥተዋል። ሎል አሁን የይዘት ቃል መሆኗ ቀርቶ፣ በተነጋጋሪዎች መካከል ያለውን መቀራረብ የምታመለክት ደቂቅ ቃል ሆናለች የሚል ነው ሐሳባቸው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ይህ ሐሳብ ትንሽ ይከብደዋል፤ ቋንቋው እንዲህ ያሉ ቃላት ቢኖሩትም ሲማራቸው አላስተዋላቸውም። ለእኛ ግን በጣም ቀላል ነው፤ «እኮ» አለችና። «ልጁ መጣ» እና «ልጁ መጣ እኮ» የሚሉትን አነጻጽሯቸው። ወሬው አንድ ነው፤ ልጁ መጥቷል። በ«እኮ» ውስጥ ግን «አይመጣም ብለህ ነበር»፣ ወይም «ተነሥ እንጂ ምን ትጠብቃለህ»፣ ወይም «እንዴት ረሳኸው» የሚል ነገር አለ፤ የቱ እንደሆነ ሁኔታውና ድምፁ ይነግራችኋል። የአንደኛ ክፍል ልጅ «እኮ» ማለት ምን ማለት ነው ተብሎ ቢጠየቅ አይመልስም፤ አንዲት ጊዜ እንኳ ግን በተሳሳተ ቦታ አያስገባትም። ሎልም በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ወጣቶች ዘንድ እንዲሁ ናት። ሕግ አላት፤ ሕጉን ማንም አላስተማራቸውም።

ሕጉን ለማውጣት ከሞከሩት አንዷ ሚሼል ማክስዊኒ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። ኒው ዮርክ ውስጥ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ የሚጻጻፉ ወጣቶችን የስልክ መልእክት ሰብስባ ሎል የት እንደምትገባና የት እንደማትገባ ተመለከተች። የምትገባባቸው ቦታዎች ሲታዩ ዝምድና አላቸው፤ ሲሽኮረመሙ፣ ሲያስተዛዝኑ ወይም ማስተዛዘኛ ሲሹ፣ ያልተባለ ነገር እንዳለ ሲጠቁሙ፣ የተበላሸ ወሬ ሲያቃኑ፣ ወቀሳ ሲያለሰልሱ። የማትገባባቸው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራሉ። ተራ መረጃ ሲለዋወጡ የለችም። «እወድሃለሁ» ሲባባሉም የለችም።

ይህን በምሳሌ እንየው። በአማርኛ ልጻፈው፤ ከዋሽንግተን ዳርቻ እስከ ለንደን ያሉት ልጆቻችን ሁለቱን ቋንቋ እየቀላቀሉ እንዲህ ነው የሚጻጻፉትና። አንድ ልጅ ለጓደኛው «ዛሬም አረፈድክ» ብሎ ቢጽፍ ይህ ክስ ነው። ተቀባዩ ወይ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወይ ይከራከራል። «ዛሬም አረፈድክ ሎል» ቢለው ግን ክሱ አለ፣ ፍርዱ የለም። ማርፈዱ ተመዝግቧል፤ ጓደኝነቱ አልተነካም፤ ተቀባዩም «ታክሲ አጣሁ ባክህ» ብሎ ቀልዶ ሊያልፈው ይችላል። ሦስቱ ፊደላት ጸሐፊው ፊቱ ላይ የነበረውን ፈገግታ ተክተዋል። አሁን «እወድሃለሁ» የሚለውን ውሰዱ። አንዲት ልጅ ወዳጇን «እወድሃለሁ ሎል» ብትለው ምን አለች? የሰጠችውን ወዲያው መልሳ ወሰደች። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን ይዞ ሲያሰላስል ያድራል። ከዚያ ደግሞ «ስብሰባው በ9 ሰዓት ነው ሎል» የሚለውን አስቡ። በ9 ሰዓት ምን አለ? ማን ሊመጣ ነው? አንባቢው የሌለ ነገር መፈለግ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ሎል «ከተጻፈው በታች ሌላም አለ» የምትል ምልክት ስለሆነች ነው።

ቦታዋም ይወስናል። አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ ትመጣለች። በመነሻ ስትመጣ ሌላው ለጻፈው መልስ ናት። ብቻዋን ስትመጣ፣ በተለይ በትንንሽ ፊደል ተጽፋ፣ «አይቼዋለሁ፤ የምጨምረው የለኝም» ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወሬ የሚቀጥል ካለ የገባው አይደለም። በትልልቅ የላቲን ፊደላት ስትጻፍ ወደ እውነተኛው ሳቅ ትቀርባለች። እኛ የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነት ስለሌለን ይህቺን ረቂቅ ነገር በፊደላችን ልናሳያት አንችልም።

ጽሑፍ ፊትና ድምፅ ስለሌለው የሚፈጠረውን ችግር ሰዎች ከሎል በፊትም ያውቁት ነበር። የሬዲዮ አማተሮች በሞርስ ምልክት ሲነጋገሩ ለመሳቅ ኤች እና አይ የሚባሉትን ሁለት ፊደላት ይልካሉ፣ ይደጋግሟቸዋል። በሞርስ የመጀመሪያው አራት አጫጭር ድምፅ ነው፣ ሁለተኛው ሁለት። ስታዳምጡት ቲ-ቲ-ቲ-ቲ፣ ቲ-ቲ፤ ማሽኑ ራሱ የሚስቅ ይመስላል። ከዚህ የሚያምር የጽሑፍ ሳቅ እስካሁን አላየሁም።

በኮምፒውተር ዘመን ደግሞ በ1982 ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የሆነ ነገር አለ። የኮምፒውተር ክፍሉ መምህራንና ተማሪዎች በጋራ የኮምፒውተር ሰሌዳቸው ላይ ስለ አሳንሰር የፊዚክስ እንቆቅልሽ ይጫወቱ ነበር፤ የአሳንሰሩ ገመድ ቢበጠስ ውስጡ ያለ የሜርኩሪ ጠብታ ምን ይሆናል የሚል ዓይነት። አንዱ በዚያው ቀልድ ቀጥሎ አንደኛው አሳንሰር በሜርኩሪ ተበክሏል የሚል ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ከላይ ያለውን ያላነበቡ ሰዎች እውነት መሰላቸው። ይህን ጊዜ ስኮት ፋልማን የተባሉት መምህር ሴፕቴምበር 19 ቀን ቀልድ የሆነውን ሁሉ በሁለት ነጥብ፣ በሰረዝና በቅንፍ፣ ማለትም በጎኑ በተኛ ፈገግታ፣ እንለየው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ዛሬ በየስልካችን የሚፈሰው ኢሞጂ ቅድመ አያቱ ያቺ ምልክት ናት። መነሻዋን አስተውሉ፤ የተፈለሰፈችው ሰው ስለ ሳቀ ሳይሆን ሰው እንዳይደነግጥ ነው።

አሁን ደግሞ ወላጆችና መምህራን ወደሚያነሡት ስጋት እንምጣ፤ ልጆቹ ቋንቋውን አበላሹት የሚለው። ይህን የሚሉ ሰዎች አሕጽሮት የዛሬ ልጆች ፈጠራ ይመስላቸዋል። «አምላኬ ሆይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃለ አጋኖ በሦስት መነሻ ፊደላት አሳጥሮ መጻፍ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ሥራ ነው ትሉ ይሆናል። እስካሁን የታወቀው ጥንታዊው ማስረጃ በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የብሪታንያ ባሕር ኃይል አዛዥ የነበሩት ሽማግሌው ሎርድ ፊሸር ናቸው፤ በጊዜው 76 ዓመታቸው ነበር። ተቀባዩ ደግሞ ዊንስተን ቸርችል። ፊሸር አዲስ የክብር ኒሻን ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ሰምተው እያሾፉ ሦስቱን ፊደላት እንደ ኒሻኑ ስም አድርገው ጻፏቸው፤ ፍቺውንም በቅንፍ አስከተሉ። «ኦኬ» የሚለው ዓለምን ያዳረሰ ቃልም በ1839 ማርች ወር ቦስተን ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ ላይ፣ «ሁሉም ትክክል» የሚለውን ሆን ብሎ በተሳሳተ አጻጻፍ ከማሳጠር የመጣ የጋዜጠኞች ቀልድ ነው። አለን ዎከር ሪድ የተባሉት ሊቅ በ1960ዎቹ የድሮ ጋዜጦችን አገላብጠው ነው ያረጋገጡት። እኛም ብንሆን «ወዘተ» ስንል «ወዘተረፈ» የሚለውን የግእዝ ቃል ጅራቱን ቆርጠን ነው፤ ዛሬ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ዓመቶቹን የቆጠርኩበት «እ.ኤ.አ.»ም አሕጽሮት ነው፤ ማንም አልተቆጣኝም።

ስጋቱን በቁጥር የመረመሩትም አሉ። ሳሊ ታግሊያሞንቴና ዴሪክ ዴኒስ የተባሉ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች የካናዳ ወጣቶች በኮምፒውተር የተጻጻፉትን ከአንድ ሚሊዮን ቃል በላይ ሰብስበው በ2008 ውጤቱን አወጡ። እንደ ሎል ያሉ የቻት አሕጽሮቶችና ቅርጾች ተደምረው ከመቶ ሦስት እንኳ አልሞሉም። ደግሞም ወጣቶቹ ዕድሜያቸው ከፍ እያለ ሲሄድ ሎልን እየተዉ ሃሃ ብሎ ወደ መጻፍ ያዘነብላሉ። ቋንቋ አበላሽ የተባለው ነገር ወጥ ላይ እንደ ተነሰነሰ ቅመም ያህል ነው።

ማሳጠሩን ያስፋፋው ስንፍና ነው የሚሉም አሉ። ዋናው ምክንያት ሒሳብ ነው። ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የሚባሉ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1985 ቦን ከተማ ቤታቸው ቁጭ ብለው የመጣላቸውን ዓረፍተ ነገር በታይፕ እየመቱ ፊደሉን፣ ክፍተቱን፣ ነጥቡን ሁሉ ይቆጥሩ ነበር። ሁሉም ማለት ይቻላል ከ160 በታች ሆነ። አጭር የስልክ መልእክት የ160 ፊደል ጣሪያውን ያገኘው ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያው መልእክት በዲሴምበር 3 ቀን 1992 በብሪታንያ ሲላክ «መልካም ገና» የሚል ነበር፤ ጣሪያው ገና ምን ያህል ዝቅተኛ እንደሆነ ማንም አልተሰማውም። በየመልእክቱ መክፈል ሲጀመርና አንዳንዷን ፊደል ለማግኘት ቁልፍ ሦስት ጊዜ መጫን ግድ ሲሆን ማሳጠር ብልኅነት ሆነ።

ይህ ሒሳብ በእኛ ላይ የበለጠ ከብዶ ነበር፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። 160 የተባለው ለላቲን ፊደል ነው። እንደ ግእዝ ያሉ ፊደላት በዩኒኮድ ስለሚላኩ እያንዳንዱ ሰፊ ቦታ ይወስዳል፤ ስለዚህ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው። ፊደላችን ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር በአንድ ምልክት ስለሚይዝ መጠነኛ ካሳ አለው። «እንደምን አደርክ» በእኛ ፊደል ከነክፍተቱ 10 ነው፤ በላቲን ሲጻፍ 13 ገደማ ይሆናል። ያም ሆኖ 10 ከ70 ሲታይ ከመልእክቱ አንድ ሰባተኛውን በላ ማለት ነው፤ 13 ከ160 ግን አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። በዚያ ላይ ግእዝ በዩኒኮድ የገባው በ1999 ሲሆን፣ ከዚያም በኋላ የብዙ ዓመት ቀፎዎች ፊደላችንን አያሳዩም ነበር፤ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ይደርሳችኋል። አገር ቤት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር መልእክት ጨርሶ ተዘግቶ የተከፈተው በእኛ ሚሌኒየም ዋዜማ ነው። ሰው አማርኛውን በላቲን መጻፍ የለመደው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። ልጆቹ ያንንም አሳጠሩት፤ አናባቢዎቹን ጥለው ለ«ሰላም» ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ለ«ነው» ኤን እና ደብልዩ ብቻ ይጽፋሉ። ከዒዛና በፊት ግእዝ በድንጋይ ላይ የሚቀረጸው እንዲሁ በተነባቢ ብቻ እንደነበር ሲታሰብ፣ የአክሱም ድንጋይ ጠራቢ ከመቃብሩ ቢነሣ የልጆቻችንን ዘዴ ከእኛ ፈጥኖ የሚረዳው ይመስለኛል።

ሎልን ግን በራሳችን ቃል ተክተናታል። በፌስቡክና በቴሌግራም አማርኛ የሚስቀው «ሃሃሃ» እና «ቂቂቂ» እያለ ነው፤ «ካካካ» የሚልም አለ። ቂቂቂ ከሃሃሃ ትንሽ ተንኮል አለበት፤ ሰው ሲወድቅ አይቶ አፉን ሸፍኖ የሚስቅ ሰው ሳቅ ነው። በሌሎችም ዘንድ እንዲሁ ነው። ታይላንዶች አምስት ቁጥርን «ሃ» ብለው ስለሚጠሯት 555 ብለው ይስቃሉ። ፈረንሳዮች «በሳቅ ሞቼ» የሚለውን በሦስት መነሻ ፊደላት ይጽፋሉ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ልጆች በዕብራይስጥ ሔትን ደርድረው ኸኸኸ ይላሉ።

ሎል የማትገባባቸውን ቦታዎች ማወቅ የምትገባባቸውን ከማወቅ ይልቅ ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የሚዞር ቀልድ አለ፤ እናት ለልጇ «አክስትሽ አረፈች ሎል» ብላ ትጽፋለች፤ ልጅቷ ደንግጣ ምን ያስቃል ስትላት «ብዙ ፍቅር ማለት አይደለም እንዴ? ለዘመዱ ሁሉ ልኬዋለሁ!» ትላለች። የካሜሩን ስሕተት ነው፤ በመርዶ ላይ ሲወድቅ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እኛ መርዶን በጽሑፍ መላኩ ራሱ ነውር ነው ብለን ስላደግን፣ ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ ካልሆነ ስለማንናገረው፣ ከዚህ አደጋ ልማዳችን ጠብቆን ቆይቷል፤ ቫይበርና ዋትስአፕ እስኪመጡ ድረስ። በሥራ ማመልከቻ፣ ለመሥሪያ ቤት በሚጻፍ ደብዳቤ፣ ለማያውቁት ሰው በሚላክ የመጀመሪያ መልእክትም አትገባም። ወዳጅነትን የምታድስ ምልክት ናት፤ ያልነበረ ወዳጅነት አታድስም።

ከሁሉ ይልቅ እኔ የማልወደው አጠቃቀም ግን ሌላ ነው። «ወፍረሻል ሎል» የሚለውን ዓይነት ማለቴ ነው። ተናጋሪው ስድቡን ወረወረ፤ ወዲያው ደግሞ መሸሸጊያ አዘጋጀ። ብትቀየሚ «ቀለድኩ እኮ፤ ምን ሆነሻል?» ይልሻል፤ ጥፋቱ ከሰዳቢው ወደ ተሰዳቢዋ ዞረ። ልስላሴ የምትሰጠው ያቺው ምልክት ስለትንም ትደብቃለች። አፍ ለአፍም ቢሆን እየሳቀ የሚነክስ ሰው ስላለ ሎልን ብቻዋን አልከስም፤ በጽሑፍ ሲሆን ግን ይብሳል፤ ተቀባይዋ ብቻዋን ናትና፣ ደጋግማ ማንበብ ትችላለችና።

ወደፊት ምን ትሆናለች? በሜይ 2015 መጨረሻ ፌስቡክ ተጠቃሚዎቹ በጽሑፍ እንዴት እንደሚስቁ አስልቶ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሃሃ፣ አንድ ሦስተኛው ኢሞጂ፣ 13 በመቶው ሄሄ ሆኖ ሲገኝ፣ የሎል ድርሻ 1.9 በመቶ ብቻ ነበር። ጋዜጦች «ሎል ሞተች» ብለው ጻፉ። እኔ ቁጥሩን የማነበው በተቃራኒው ነው። ለመሳቅ የሚፈልግ ሰው ሃሃ አለው፣ የሚያለቅስ ሳቂታ ሥዕል አለው፤ ያቺን ሥዕል ኦክስፎርድ በዚያው ዓመት የዓመቱ ቃል ብሎ መርጧታል። ሎል ከሳቅ ሥራ ጡረታ ወጥታ፣ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ያለውን ወንበሯን ይዛ ተቀምጣለች። የአሜሪካ ወጣት መልእክት ውስጥ ዛሬም እዚያው ታገኟታላችሁ።

የሳቁን ሥራ የወረሰው በአሁኑ ወጣት ዘንድ የራስ ቅል ሥዕል ነው፤ ያ ነጭ፣ ዓይኑ ጎድጓዳ የሆነ። «በሳቅ ሞትኩ» ማለት ነው። ሳቅን ከሞት ጋር ማያያዝ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ «ኧረ በሳቅ ገደልከኝ» እያልን ያደግን ነን። ሥዕሉ ግን ሳይነገር ሲመጣ ያስደነግጣል። ስለዚህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ እናቶችና አክስቶች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ፍራንክፈርት ላለች የእኅታችሁ ልጅ ስለ ሰፈሩ አንድ ነገር ጽፋችሁላት ሦስት የራስ ቅል ደርድራ ብትልክላችሁ፣ ቄስም አትጥሩ፣ ለእናቷም አትደውሉ። የጻፋችሁት አስቋታል።